ከሰሉ ለገበያ፣ ቅጠሉ ለመሬቱ

በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳና በአጎራባች ወረዳዎች የሚገኙ ገበሬዎች ማገዶን እንደ ማንኛውም ሰብል በማሳቸው ላይ ማምረት ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ሰብሉ ዲከረንስ ይባላል። የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ የሆነ የግራር ወገን ዛፍ ሲሆን፣ በአራት ወይም በአምስት ዓመት ለከሰል ይደርሳል። ከሰሉም በመኪና እየተጫነ እስከ አዲስ አበባ ይሸጣል። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከጃትሮፋና ከጉሎ ዘይት ነዳጅ ይገኛል ተብሎ ብዙ ሲወራ፣ ከተወራው አብዛኛው በወሬ እንደቀረ ይታወሳል። ዲከረንስ ግን ያን ያህል ሳይወራለት፣ በአብዛኛው በገበሬው በራሱ ምርጫ የተስፋፋ ነው።

አሠራሩን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ መግለጽ ያስፈልጋል። ገበሬው በመጀመሪያው ክረምት ማሳውን አርሶ ጤፍ ይዘራል፤ በዚያው ማሳ ላይ ችግኙንም ይተክላል። ችግኙ ገና ትንሽ በመሆኑ ጤፉን አያውከውም፤ እንዲያውም ለጤፉ የዋለው ማዳበሪያና አረም ማረም ለእሱም ይተርፋል። በሁለተኛው ዓመት ከዛፎቹ ሥር የሚበቅለው ሣር ለከብት ይታጨዳል። ዛፉ ሲደርስ ተቆርጦ እዚያው ማሳ ላይ ይከሰላል፤ መሬቱም ተመልሶ ለጤፍ ይታረሳል።

የዚህን ዘዴ ጥቅም በከሰሉ ዋጋ ብቻ መለካት ስሕተት ነው። የአካባቢው አፈር ዝናብ አጥቦ አጥቦ አሲዳማ ያደረገው፣ ገብስና ስንዴ ሲዘራበትም የልፋትን ያህል የማይመልስ ነው። ዲከረንስ የባቄላና የአተር ዘመድ በመሆኑ በሥሩ ላይ በሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት አማካይነት ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ለአፈሩ ያተርፋል። የሚረግፈው ቅጠልም በየዓመቱ መሬቱን ያለብሳል። ባሕር ዛፍ ይህን አያደርግም። ከጉቶው ደጋግሞ ስለሚያቆጠቁጥም አንድ ጊዜ ማሳ ከገባ መሬቱን ለልጅ ልጅ ይይዘዋል፤ ጎረቤት ማሳ ላይ ያለውን ሰብል ሳይቀር ውሃ ይሻማል። ዲከረንስ ግን እንደ እንግዳ ቆይቶ የሚሄድ ዛፍ ነው።

ይሁንና እንግዳው ሲሄድ ምን ይዞ እንደሚሄድ መጠየቅ ተገቢ ነው። ግንዱ ካልሲየምና ፖታሲየም ከአፈሩ ጠጥቶ ያደገ ነውና፣ እንጨቱ በከሰል መልክ በተሸጠ ቁጥር የመሬቱ ሀብት አብሮ ይሸጣል። ቅጠሉ፣ ጭራሮውና ቅርፊቱ ማሳው ላይ ቢቀሩ ከተወሰደው ብዙው ይመለሳል። ብዙውን ጊዜ ግን ማሳው ተጠርጎ ባዶውን ይቀራል። አመዱና የከሰሉ ብናኝም ክምሩ በተከሰለበት ቦታ ብቻ ተከማችቶ ይታረሳል። በዚያች ቦታ የሚበቅለው ጤፍ ከሌላው ለምልሞ እንደሚታይ የሚያውቅ ገበሬ፣ አመዱን በመላው ማሳ ላይ ለመበተን አንድ ቀን ቢሠራ የሚከፍለው ዋጋ የጉልበት ብቻ ነው። አመድ የአፈርን አሲዳማነት ስለሚቀንስ የእርሻ ኖራን በመጠኑ ያግዛል፤ ኖራን ሙሉ በሙሉ ይተካል ማለት ግን አይደለም።

ሌላው የከሰል አከሳሰል ነው። እንጨቱ በአፈር ተሸፍኖ በሚከሰልበት በተለመደው ክምር፣ ከአሥር ኪሎ ደረቅ እንጨት የሚገኘው ከሰል ከሁለት ኪሎ እምብዛም አይበልጥም። እንጨቱን በደንብ ማድረቅና ክምሩን ነቅቶ መጠበቅ ይህን ሊያሻሽለው ይችላል። ያው ከሰል ባነሰ እንጨት ከተገኘ ለዛፍ የሚለቀቀው መሬት ያንሳል፤ ድንችና ገብስ የሚዘራበት መሬት ይተርፋል። ለከሰል የማይሆነው ቅርንጫፍ ደግሞ ቤት ገብቶ ኩበትን ቢተካ ፋንድያው ወደ ጓሮና ወደ ማሳ ይመለሳል። ዛፍ ተክሎ ከሰል የሚሸጥ ቤተሰብ ምድጃው ላይ ኩበት ሲያነድ መታየቱ የሚያሳዝን ነው።

ከሁሉ ይልቅ ፈጣን ውሳኔ የሚሻው ግን የበሽታው ጉዳይ ነው። ከ2010 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት ከስንዴ ዋግ ወገን የሆነ የፈንገስ በሽታ በዲከረንስ ላይ ወርዶ ብዙ ተክል አድርቋል። ኮረብታው ሁሉ በአንድ ዓይነት ዛፍ ተሸፍኖ ስለነበር በሽታው ከማሳ ማሳ ለመዛመት የሚያግደው አላገኘም። ከሰል ሸጦ እህል የሚገዛው ገበሬ፣ ያውም ጤፍ የሚዘራበትን መሬት ለዛፍ የለቀቀው፣ ገቢውንም እህሉንም በአንድ ጊዜ አጥቷል። እንዲህ የተጎዳ ሰው በሽታውን ሸሽቶ ባሕር ዛፍ ቢተክል ሊፈረድበት አይገባም። ይሁን እንጂ ያ ከሆነ አፈሩ ባለፉት ዓመታት ያገኘው ጥቅም ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

ስለዚህ የግብርና ሠራተኛው ሥራ የተተከለ ችግኝ መቁጠር ብቻ ሊሆን አይችልም። ገበሬው ከመሬቱ ከፊሉን ምን ጊዜም ለእህል እንዲያስቀር፣ የታመመ ተክል ያለበትን ማሳ ሳይዘገይ ቆርጦ ለጤፍ እንዲመልስ፣ በድንበሩና በእርከኑ ላይ ብሳናና ትሪ ሉሰርንን የመሳሰሉ ሌሎች ዛፎችን እንዲቀላቅል መምከር ይኖርበታል። ትሪ ሉሰርን ለከብት መኖ ይሆናል፤ እሱም ናይትሮጅን ለአፈር ያተርፋል። ባሕር ዛፍ መትከል የግድ ከሆነም ከምንጭና ከእርሻ ርቆ፣ ለእርሻ በማይሆን ገደላማ ቦታ ይሁን። ለክረምት የሚሆነው ችግኝ የሚፈላው በበጋ ነው፤ ክረምቱ ከገባ በኋላ የሚመጣ ምክር ገበሬውን የሚያገኘው በችግኝ ጣቢያው ያለውን አንስቶ ከተከለ በኋላ ነው።