የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ አንዲት ፎቶን ፍለጋ

አቡ ዳቢ ሲባል ብዙዎቻችን ነዳጅ፣ ፎቅና እንጀራ ፍለጋ የሄደ ዘመድ ይታወሰናል። ይህ እትም ግን የሚያመራው ወደ ሳዲያት ደሴት፣ ወደ ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አቡ ዳቢ ነው። ተቋሙ በጣሊያን ግራን ሳሶ ተራራ ሥር ጨለማ ቁስን የሚያስሰው የዜኖን ሙከራ አባል ነው።

እዚያ 1,400 ሜትር ገደማ አለት የኮስሚክ ጨረርን ይከላከላል። ከሥሩ ባለው ፈሳሽ ዜኖን ውስጥ ቅንጣት ከአቶም ጋር ሲጋጭ ጥቂት ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች) ይፈነጥቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሙከራው የዜኖን-124ን መፍረስ ይፋ አደረገ፤ ግማሽ ዕድሜው ከጽንፈ ዓለሙ ዕድሜ ትሪሊዮን እጥፍ ይበልጣል!

ዛሬ ብርሃኑን የሚለቅሙት 494 የፎቶን ማጉያ ቱቦዎች ናቸው። ተፎካካሪያቸው የሲሊከን ዳሳሽ ነው፤ አንዲት ፎቶን ከጥቃቅን ክፍሎቹ አንዱን ስትመታ የኤሌክትሮን ናዳ ይነሳል። ቀጭን ነው፤ በዝቅተኛ ቮልቴጅም ይሠራል። ጠባዩ ግን አስቸጋሪ ነው፦ ብርሃን በሌለበትም ሙቀት ብቻ ሐሰተኛ ምልክት ያስነሳበታል። ብርድ ይህን ቢቀንስም በዜኖን ቅዝቃዜ ከቱቦው የበለጠ ይረብሻል። ይበልጥ በሚቀዘቅዘው አርጎን የሚሠራው ሌላው የጨለማ ቁስ ሙከራ ዳርክሳይድ-20ኬ ግን ሲሊከንን መርጧል። በእኔ ግምት የዘርፉ ፈተና ያለው እዚሁ ላይ ነው።

ሲሊከኑ ጠፈርም ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 የተላከችው ላይት-1 ሳተላይት የነጎድጓድ ጋማ ብልጭታን ለመያዝ ተጠቅማበታለች።

አል ዓይን ዳር ያለው የጀበል ሀፊት ተራራ ከ1,200 ሜትር በላይ ነው፤ እንደ ግራን ሳሶ ለሙከራ ሥሩ ቢቆፈርስ? በዚያ ከተማ ፊዚክስ የምትማሩ አንባቢዎቻችን ሐሳባችሁን ጻፉልን።