የመስክ መኪና የሚገዛው ለሥራ ነው

ቀደም ባለው ዘመን በቅሎ ሊገዛ ገበያ የወጣ አስተዋይ ሰው በኮርቻዋ ማማር አይታለልም ነበር። አፏን አስከፍቶ ጥርሷን ይመለከታል፤ ሰኮናዋን አንሥቶ ይመረምራል፤ ኮርቻዋን አስወርዶ ጀርባዋ ላይ ገጣባ መኖር አለመኖሩን ያረጋግጣል፤ በመጨረሻም አቀበትና ቁልቁለት አስኪዶ አረማመዷን ያያል። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ «በቅሎዋ ለምን ሥራ ትውልልኛለች?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ዛሬ የቤተሰብን የብዙ ዓመት ቁጠባ በአንድ ቀን የሚወስድ መኪና ሲገዙ ግን ይህን ያህል የማይጠይቁና የማይመረምሩ ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም።

እዚህ ላይ የማነሣው ጉዳይ አንድ ነው። አንድ አነስተኛ መኪና ያለው ቤተሰብ ሁለተኛ መኪና ቢያስፈልገው ያገለገለ የናፍጣ የመስክ መኪና መግዛቱ ተገቢ ነውን? የመስክ መኪና የምለው እንደ ላንድሮቨር፣ እንደ ላንድክሩዘርና እንደ ፓትሮል ያለውን፣ ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራውን፣ ሲያስፈልግም በአራቱም ጎማዎቹ ኃይል የሚጓዘውን ነው። በእኔ አስተያየት ይህ መኪና ከከተማ ውጭ እውነተኛ ሥራ ላለው ቤተሰብ ጥሩ አገልጋይ ነው፤ እንዲህ ያለ ሥራ ለሌለው ቤተሰብ ግን ገንዘብ የሚበላ ጌጥ ከመሆን አያልፍም። ምክንያቶቼን በቅደም ተከተል ላቅርብላችሁ።

በመጀመሪያ ጥያቄው ዛሬ ለምን እንደሚነሣ እንመልከት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መንግሥት ወሰነ። ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በርክተዋል። ለከተማ ሥራ ይህ መልካም ለውጥ ነው፤ ባለቤቱ ማታ በቤቱ ኃይል ሞልቶ ጧት ወደ ሥራው ይሄዳል፤ መኪናውም ጭስ አያወጣም። ይሁን እንጂ አስፋልቱ ካለቀበት ቦታ ጀምሮ ነገሩ ይለወጣል። በገጠር ኃይል መሙያ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ዝቅ ብሎ የተሠራውን መኪና ሆዱን ድንጋይ ይመታዋል፤ ክረምት ሲገባም ዋልካው ጎማ ይውጣል። «ለከተማ አንድ፣ ለገጠር አንድ» የሚለው ሐሳብ የሚመነጨው ከዚህ ነው። የናፍጣ የመስክ መኪና የሚሻ ቤተሰብም በአመዛኙ የሚያማርጠው ቀድሞ ከገቡትና በአገር ውስጥ ብዙ ዓመት ካገለገሉት መካከል ነው።

ናፍጣስ ለምን ይመረጣል? ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ በተሳካ ሁኔታ ያሠራው ሞተር ከቤንዚን ሞተር የሚለይበት ዋና ነገር አለ። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በካንዴላ ብልጭታ ነው። የናፍጣ ሞተር ግን ካንዴላ የለውም፤ በሲሊንደሩ ውስጥ አየሩን እጅግ አምቆ ያግለዋል፤ በጋለው አየር ላይ ናፍጣው ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። ከዚህ ከፍተኛ እመቃ የተነሣ ከነዳጁ ሙቀት ወደ ሥራ የሚለወጠው ድርሻ ከቤንዚን ሞተር ይበልጣል። የሞተሩም አካል ግፊቱን ይችል ዘንድ ጠንክሮ ይሠራል። ከዚህም በላይ ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ብዙ የመጎተት ኃይል ስለሚሰጥ፣ ጭነት ይዞ አቀበት ለሚወጣና ከጭቃ ለሚወጣ መኪና የተመቸ ነው።

ለምሳሌ ያህል እ.ኤ.አ. በ1984 መሠራት የጀመረውን የ70 ሲሪየስ ላንድክሩዘር እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በዚህ መኪና ላይ የተገጠመው ዋን ኤች ዜድ የተባለው ሞተር 6 ሲሊንደርና 4.2 ሊትር ይዘት ያለው፣ ቱርቦ የሌለው፣ የነዳጅ ፓምፑም ያለ ኮምፒዩተር የሚሠራ ነው። አካሉ የተቀመጠው በጠንካራ ሻንሲ ላይ ነው። እንዲህ ያለው መኪና መንገድ ላይ ቢበላሽ በአነስተኛ ከተማ የሚገኝ መካኒክ ሊረዳውና ሊጠግነው ይችላል። በአንፃሩ አዳዲሶቹ የናፍጣ ሞተሮች በኮምፒዩተር የሚታዘዙ፣ ነዳጅን በከፍተኛ ግፊት የሚረጩና ጥላሸት የሚይዝ ማጣሪያ ያላቸው ናቸው። ኃይላቸው የተሻለ፣ ጭሳቸውም ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ውኃ ወይም ቆሻሻ የገባበትን ናፍጣ ፈጽሞ አይችሉም፤ ሲበላሹም ልዩ የምርመራ መሣሪያ ይጠይቃሉ። እንግዲህ ለገጠር ሥራ አዲስነት ብቻውን ብልጫ አለመሆኑን ልብ በሉ።

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ለመኪናው የሚያደላ ነው። ነገር ግን ነውሩን ሸሽጎ ጥቅሙን ብቻ የሚነግር ሰው ደላላ እንጂ መካሪ አይባልም። የናፍጣ ሞተር ሳይሞቅ አጭር አጭር መንገድ መመላለስ አይስማማውም፤ ጥላሸቱ በሞተሩ ውስጥ ይከማቻል፤ ማጣሪያ ያለውም ከሆነ ማጣሪያው ይደፈናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ባላነሰ ከፍታ ላይ በመገኘቷ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር እዚህ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ፓምፑ ለከፍታው ካልተስተካከለለትም ጥቁር ጭስ ያወጣል። ይህ ጭስ ለዐይን ብቻ የሚያስቀይም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል አረጋግጦ መድቦታል። ልጆች በሚወጡበት የትምህርት ቤት በር ላይ ሞተሩን አስነሥቶ የሚቆም አሮጌ የናፍጣ መኪና ምን እንደሚያደርስ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ሌላም አደጋ አለ። የመስክ መኪና ከመሬት ከፍ ያለና ከባድ ስለሆነ በጠማማ መንገድ በፍጥነት ሲታጠፍ ከዝቅተኛ አውቶሞቢል ይልቅ ለመገልበጥ ይቀርባል። ከአሮጌዎቹ ብዙዎቹ የአየር ከረጢት የላቸውም። ከኋላ ፊት ለፊት የተቀመጡት ረጃጅም መቀመጫዎችም ብዙውን ጊዜ የደኅንነት ቀበቶ የላቸውም፤ ልጆች የሚጫኑት ግን እዚያው ላይ ነው። ትልቅ መኪና ሁሉ ከአደጋ የሚያድን የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ሊያስቡበት ይገባል።

የሆነ ሆኖ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው መኪናውን ባለማወቅ ሳይሆን የራሱን ፍላጎት ባለመመርመር ነው። ትልቅ የመስክ መኪና በአገራችን የሹመትና የሀብት ምልክት ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። ጎረቤት ገዛ ተብሎ፣ ሠርግና ለቅሶ ላይ ለመታየት ተብሎ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚደረግ ጉዞ ተብሎ ዕዳ ውስጥ የሚገባ አለ። ይህ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የተባለው ዓይነት ነው። መኪናው በግቢ ውስጥ ቆሞ ሲውል ባትሪው ይደክማል፤ ጎማው ይደርቃል፤ የዓመቱ ምርመራና የመድን ክፍያ ግን ቆሞ አይጠብቅም።

ስለዚህ እኔ የምመክረው መለኪያ ቀላል ነው። ቤተሰቡ አንድ ደብተር ይያዝ። በሦስት ወር ጊዜ ውስጥ ያደረገውን ጉዞ ሁሉ፣ ወዴት እንደሄደ፣ ምን እንደጫነ፣ መንገዱም ምን ዓይነት እንደነበረ ይጻፍ። ከሦስቱ ወር ቢያንስ አንዱ የክረምት ወር ይሁን። ከዚያም ያለው መኪና ሊወጣቸው ያልቻላቸውን ጉዞዎች ለይቶ ይቁጠር። ቁጥሩ አነስተኛ ከሆነ ለእነዚያ ቀናት መኪና መከራየት ይሻላል። እንበልና በሰሜን ሸዋ ገጠር እርሻ ያለው፣ በየሳምንቱ ዘርና ማዳበሪያ የሚያመላልስ፣ ምርቱንም ወደ ገበያ የሚያወጣ ቤተሰብ ከሆነ ግን ደብተሩ ራሱ መልሱን ይሰጣል።

ሒሳቡም እንዲሁ በወረቀት ላይ መታየት አለበት። መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 13 ሊትር ናፍጣ የሚፈጅ ቢሆንና በዓመት 6,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 780 ሊትር ያስፈልገዋል። ይህን በማደያው ዋጋ አባዙት። የዘይትና የማጣሪያ ለውጥ፣ የጎማ፣ የመድንና የምርመራ ወጪ ጨምሩበት። ከዚህም ሌላ ለመግዣ ከተመደበው ገንዘብ አንድ ክፍል ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና ተለይቶ ይቀመጥ፤ ምክንያቱም የቀድሞው ባለቤት ለነገ ያለውን ጥገና የሚረከበው አዲሱ ባለቤት ነው። ያለውን ገንዘብ ሁሉ ለመግዣ የሚያውል ሰው መኪናውን ገዝቶ መንዳቱን ሊያጣ ይችላል።

መኪናው እንደሚያስፈልግ ከታወቀ በኋላ የምርመራው ተራ ይመጣል። ሻጩ የቀጠረውን ሳይሆን ገዢው ራሱ የሚያምነውን መካኒክ ይዞ ይሂድ። በተቻለ መጠን ጧት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ ይድረስ፤ አስቀድሞ የሞቀ ሞተር ብዙ ችግር ይሸፍናል። ሲነሣ ለአፍታ የሚታይ ነጭ ጭስ አያስደነግጥም፤ ሞተሩ ሞቆም ነጭ ጭስ ካላቆመና የራዲያተሩ ውኃ የሚጎድል ከሆነ ግን ጓርኒሲዮኑ ሳይቃጠል አልቀረም። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን፣ ብዙ ጥቁር ጭስም የነዳጅ መብዛትን ወይም የአየር ማነስን ያመለክታል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መክደኛው ሲከፈት እንፋሎት በኃይል እየተገፋ የሚወጣ ከሆነ ፒስተኑና ሲሊንደሩ ተበልተዋል ማለት ነው። ዋን ኤች ዜድ ሞተር ከሆነም በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ሊለወጥ የሚገባው ቺንጋ መቼ እንደተለወጠ ይጠየቅ።

ከዚያም ከመኪናው ሥር መግባት ያስፈልጋል። ሻንሲው በአዲስ ቀለም ተሸፍኖ እንደሆነ፣ የተበየደ ወይም የዛገ ቦታ እንዳለበት፣ ባሌስትራው የተሰበረ እንደሆነ ይታይ። አራቱን ጎማ የሚያሠራው ማርሽ በአፈር መንገድ ላይ ገብቶ ይሞከር፤ የማይሠራ ከሆነ ለመስክ መኪናነቱ የተከፈለው ዋጋ ከንቱ ነው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ትንሽ ቁጥር እያሳየ የፍሬኑና የፍሪሲዮኑ መርገጫ ተበልቶ ካለቀ፣ መታመን ያለበት መርገጫው ነው። በመጨረሻም በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሻንሲና የሞተር ቁጥር በመኪናው ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ መሆኑን፣ መኪናውም በዕዳ ያልተያዘ መሆኑን ማረጋገጥ ግዴታ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ ይህን ሁሉ ለማድረግ የሚያፍር ሰው ኋላ ይጸጸታል። ምርመራውን የሚከለክል ሻጭ ካጋጠመም መልካሙ መልስ አመስግኖ መሄድ ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ዓለም ወደ ኤሌክትሪክ ሲሄድ አሮጌ የናፍጣ መኪና መግዛት ወደ ኋላ መመለስ ነው» ይሉ ይሆናል። ለከተማ ጉዞ እውነታቸውን ነው። አገራችን ነዳጅ የምታስገባው በውጭ ምንዛሪ በመሆኑም ያለ ሥራ የሚቃጠል እያንዳንዱ ሊትር የሁላችንም ጉዳት ነው። ነገር ግን በሐምሌ ጭቃ ውስጥ ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ሲያስፈልግ የሚጠየቀው መኪናው ዘመናዊ መሆኑ ሳይሆን መድረሱ ነው። የገጠሩ መንገድና የኃይል መሙያው እስኪሟላ ድረስ በደንብ የተያዘ የመስክ መኪና ቦታ አለው። ቁጥሩ የግድ መብዛት የለበትም፤ ሁለት ወይም ሦስት ዘመዳሞች ወጪውንና አገልግሎቱን በጽሑፍ ተስማምተው አንዱን በጋራ ቢይዙ ብልኅነት ነው።

እናንተ ዛሬ መኪና የምትገዙ አይደላችሁም። ይሁን እንጂ በቤታችሁ እንዲህ ያለ ምክር ሲነሣ ደብተሩን የምትይዙት፣ ሒሳቡን የምትደምሩት፣ የሊብሬውንም ቁጥር የምታነቡት እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ያን ጊዜ በትሕትና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ መኪናው የሚሠራው ሥራ የትኛው ነው? የሚያዝበት ገንዘብ ከየት ይመጣል? ማንስ መርመረው? ለሦስቱም ግልጽ መልስ ከተገኘ ግዢው ይፈጸም፤ ከሦስቱ አንዱ መልስ ካጣ ግን ገንዘቡ በባንክ ቢቆይ ይሻላል።