ስለ ትምህርት ቤት ሥርዐትና ስለ መምህሩ ሥልጣን

ሕፃን ፊደል ለመቍጠር ከመምህሩ ፊት በተቀመጠ ጊዜ፥ ከፊደሉ አስቀድሞ የሚማረው ጸጥ ብሎ መስማትንና ተራ መጠበቅን እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ይህን ያልያዘ ልጅ ሌላውን ሁሉ ቢያስተምሩት አይጸናለትም። ስለዚህ የክፍል ሥርዐት ነገር ለመምህሩ ብቻ የሚተው ሳይሆን፥ የትምህርትን ሥራ እንዲጠብቁ የተሾሙት ሁሉ አጥብቀው ሊያስቡበት የሚገባ ነው።

አዲስ አበባን ከብበው የሚገኙት ከተሞች፥ በደሴ መንገድ ሰንዳፋ፥ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ፥ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፥ በጅማ መንገድ ሰበታ፥ በጥቂት ዘመን ውስጥ እጅግ ሰፍተዋል። የገበሬው ልጅ፥ በፋብሪካ ደመወዝ የሚያድረው ሰው ልጅ፥ የቤት ኪራይ ተወድዶበት ከአዲስ አበባ የወጣው ሰው ልጅ በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ። አንዱ በቤቱ ኦሮምኛ ሲናገር ሌላው አማርኛ ይናገራል። ደንቡ ለአንደኛ ደረጃ ክፍል 50፥ ለሁለተኛ ደረጃ ክፍል 40 ተማሪ ብሎ ወስኗል፤ ነገር ግን ሕዝብ በየዓመቱ በሚጨመርበት ከተማ ይህን ቍጥር መጠበቅ እንደሚያስቸግር በዚያ የሚያስተምር ሁሉ ያውቀዋል። እንዲህ ባለው ክፍል መካከል ብቻውን የሚቆመው መምህር፥ ብዙ ጊዜም ገና ከማሠልጠኛ የወጣ ወጣት፥ ከትምህርቱ ሰዓት የሚበዛውን ዝም በሉ በማለት ቢያሳልፈው የሚያስደንቅ አይደለም።

ቀድሞ ለዚህ ነገር ዐለንጋ ነበረ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ግን በ36ኛው አንቀጽ ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ በማናቸውም የማሳደጊያ ተቋም በአካላቸው ከሚፈጸም ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ወሰነ። ሕጉ መልካም ሕግ ነው። ዳሩ ግን ሕጉ ዐለንጋውን ከመምህሩ እጅ ሲወስድ በፈንታው የሚይዘውን ነገር የሚሰጡት ሰዎች አልተፋጠኑም፤ ከዚህም የተነሣ ዐለንጋው በስም ተሻረ እንጂ በግብር አልተሻረም። ያንግ ላይቭስ የተባለው የጥናት ማኅበር በ2002 ዓ.ም. ገደማ በኢትዮጵያ የ8 ዓመት ልጆችን በጠየቀ ጊዜ፥ ከአራቱ ሦስት ያህሉ ባለፈው ሳምንት መምህር ተማሪን ሲመታ አይተናል ብለው መልሰዋል፤ ከሦስቱ ከአንዱ የሚበልጡትም ራሳቸው የተመቱ ነበሩ። ሕጉ ከጸደቀ ያን ጊዜ ዐሥራ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር።

መምህራንም በበኩላቸው የሚያሰሙት አቤቱታ አለ። ለልጁ መብቱ ተነገረው፥ ግዴታው ግን አልተነገረውም፤ ታላላቆቹ ተማሪዎች መምህሩን ቢሰድቡትና ቢዝቱበት የሚከላከልለት የለም ይላሉ። ይህ አቤቱታ በከንቱ የሚጣል አይደለም። ነገር ግን መድኃኒቱ ዱላውን መመለስ ነው የሚሉት ሰዎች ይሳሳታሉ። ጠቢቡ ሰሎሞን ስለ በትር የተናገረውን የሚጠቅሱ ሊቃውንት፥ ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ ማዘዙንም አብረው ያስቡታል።

ደግሞም የቀደመው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት በዐለንጋ ብቻ የቆመ የሚመስለው ሰው በሚገባ ያልተመለከተው ነው። አባት ልጁን ለየኔታ ሲሰጥ የመቅጣትን ሥልጣን አብሮ ይሰጥ እንደ ነበረ፥ ኮብላዩን ተማሪ በእግር ብረት ማሰር፥ በበርበሬ ጢስ ማጠንም እንደ ነበረ አይካድም፤ ይህ የሚመሰገን አይደለም። የሚመሰገነው ሌላው ነው። በንባብ ቤት ማንም ልጅ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም፤ አንዱ ገና ፊደል ሲቈጥር ሌላው መልእክተ ዮሐንስን ያነብባል፥ ሦስተኛው ዳዊት ይደግማል። የበሰለው ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል፤ የኔታ ደግሞ እያንዳንዱን በየተራው በፊታቸው አቅርበው ይሰሙታል። ሠላሳው ልጅ ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ በአንድ ጊዜ ሲያነብ ለመንገደኛ ሁከት ይመስለዋል፤ ነገር ግን ከመካከላቸው አንዱ ዝም ቢል ወይም አንዲት ቃል ቢስት የኔታ ወዲያው ያውቁታል። ልጁም እንደሚያውቁበት ያውቃል። የሥርዐቱ ምሥጢር ይህ ነበር፤ ዐለንጋው ምሥጢሩን ለማይችለው መምህር መጠጊያ ነበረ።

ይህንኑ ነገር የውጭ አገር ሊቃውንት ዘግይተው በምርምር ደርሰውበታል። ጄኮብ ኩኒን የተባለው የአሜሪካ የሥነ ልቡና ሊቅ፥ ጸጥታ ያላቸውንና ሁከት የሞላባቸውን ክፍሎች በፊልም አንሥቶ መርምሮ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1970 ዓ.ም. መጽሐፍ አሳተመ። አስቀድሞ ልዩነቱ መምህራኑ አጥፊውን በሚገሥጹበት አኳኋን የሚገኝ መስሎት ነበረ፤ ነገር ግን በግሣጼው ልዩነት አላገኘም። ልዩነቱን ያገኘው ከጥፋቱ በፊት ነው፦ መልካሙ መምህር በክፍሉ በአራቱም ማዕዘን የሚሆነውን ያውቃል፥ ማወቁንም ተማሪዎቹ ይረዱታል፤ አንዱን ሲያርም ሌላውን አይዘነጋም፤ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲሻገርም ልጆቹ ሥራ የሚፈቱበት ባዶ ጊዜ አይተውም።

በሰበታ የዐይነ ስውራን ልጆች ትምህርት ቤት አለ። በዚያ ማንም መምህር ዐይኑን በማፍጠጥ ተማሪውን ጸጥ ማሰኘት አይችልም፤ በድምፁ፥ በስም በመጥራትና በአጠገቡ በመቆም ብቻ ይገዛል። ዐይን ባላቸው ልጆች ፊት የሚያስተምረው ደግሞ የስድሳውን ልጅ ስም ማወቅ ያስቸግረኛል ይላል። ስሙ ያልታወቀ ልጅ ግን በመጨረሻው ወንበር ተቀምጦ የሚያደርገውን ሁሉ ማንም አያየኝም ብሎ ያደርገዋል።

ዐለንጋው በሕግ ከተከለከለ ወዲህ በየትምህርት ቤቱ የተለመዱት ቅጣቶች ሦስት ናቸው፤ ማንበርከክ፥ ከክፍል ማስወጣትና ወላጅ አምጣ ማለት። ማንበርከክ የዱላው ታናሽ ወንድም ነው። ከክፍል የወጣው ልጅ ትምህርት የጠላ ከሆነ ቅጣቱ ሽልማት ይሆንለታል። ሦስተኛው ጨዋነት ያለበት ይመስላል፤ ነገር ግን በሰንዳፋ ወይም በሱሉልታ በቀን ሥራ የሚያድር አባት ወደ ትምህርት ቤት ሲጠራ የዚያን ቀን እንጀራውን ያጣል፤ ወደ ቤቱ ሲመለስም ልጁን መምህሩ ሊመታው ከሚችለው አብልጦ ይመታዋል። ይህን የሚያውቅ ልጅ ጥሪውን ለአባቱ ሳይነግር ደብተሩን ይዞ በመንገድ ይውላል። ሦስት ቀን የጠፋ ልጅ በአራተኛው ቀን ለመመለስ ያፍራል፤ ከዚያም ስሙ ከመዝገብ ይሰረዛል። እንዲህ የጠፋው ልጅ በቍጥር ዘገባ ያቋረጠ ተብሎ ይጻፋል እንጂ ያባረረው ማን እንደ ሆነ አይጻፍም።

የጧቱም በር እንደዚሁ ነው። ውሃ ቀድቶ፥ ታናሹን ለጎረቤት አስረክቦ ወይም ከብት አሰማርቶ የሚመጣው ልጅ የሰንደቅ ዓላማው ሰልፍ ካለፈ በኋላ ሲደርስ በሩ ተዘግቶበት ያገኘዋል። አርፋጅን መቅጣት ተገቢ ቢሆንም፥ በማርፈዱ አንድ ሰዓት ላጣ ልጅ ሦስት ሰዓት ጨምሮ ማሳጣት ምን ዓይነት ፍርድ እንደ ሆነ ርእሳነ መምህራን ሊመልሱ ይገባል።

ሕዝብ በተሰበሰበበት ቦታ ሥርዐትን ማስከበር ራሱን የቻለ ሙያ ስለ ሆነ፥ በሰንዳፋ በሚገኘው የፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ለመኰንኖች በትምህርት ይሰጣል። ልጆችን በሥርዐት መያዝ ከዚህ የሚቀልል አይደለም፤ መምህሩ ግን ከተፈጥሮው እንዲያገኘው ይተዋል። የትምህርት ሚኒስቴር ስለ መምህራን ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ባወጣው መመሪያ፥ አዲስ መምህር ሁለት ዓመት በነባር መምህር እየተመራ እንዲለማመድ፥ ሌላውም መምህር በየዓመቱ 60 ሰዓት ለሙያው ማሻሻያ እንዲያውል አዝዟል። ትእዛዙ በብዙ ስፍራ የሚፈጸመው በወረቀት ነው፤ ነባሩ መምህር ይፈርማል፥ አዲሱ መምህር ማኅደረ ተግባሩን ይሞላል፥ ሱፐርቫይዘሩ ማኅደሩን አይቶ ይሄዳል። አዲሱ መምህር ሲያስተምር ነባሩ ከኋላ ተቀምጦ ያየበት አንድ ሰዓት እንኳ ላይገኝ ይችላል። እንዲያውም ሌሎች የሸሹት አስቸጋሪ ክፍል ለእርሱ ይሰጠዋል።

ስለዚህ የየከተማው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሹማምንት በመስከረም ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ሊመረምሩት የሚገባ ነገር አለ። አስቸጋሪው ክፍል በሥራው ለተፈተነው መምህር ይሰጥ፤ አዲሱ መምህር በመጀመሪያው ወር በነባሩ ክፍል ተቀምጦ ይመልከት፥ ነባሩም በእርሱ ክፍል ይቀመጥ፤ ማኅደሩ ከዚያ በኋላ ይሞላ። የወላጅና የመምህር ኅብረትም አባትን ለክስ ከመጥራት ይልቅ በእሑድ ወይም በበዓል ቀን፥ ሥራ በማይጐዳበት ሰዓት ይሰብስበው። ካህናትም በየአጥቢያቸው ከትምህርት ቤት የቀረውን ልጅ ከማንም አስቀድመው ያዩታል፤ ወደ ርእሰ መምህሩ ይዘውት ቢሄዱ፥ ርእሰ መምህሩም ያለ ክስ ወረቀት ቢቀበለው፥ በዚያው ቀን ወደ ክፍሉ ሊመለስ ይችላል።