ከገብስ ብቅል እስከ ዘረ-መል ሕክምና

ከዳባት እስከ ደባርቅ ባለው ደጋ ብቅል እንግዳ የሆነበት ቤት ማግኘት ያስቸግራል። ደረቅ ገብስ አይጣፍጥም፤ ርሶ ሲበቅል ግን በውስጡ የሚነቁ ኢንዛይሞች ስታርቹን ወደ ስኳር መለወጥ ይጀምራሉ። ዛሬ የምናነሣው የፕሮስቴት ካንሰር ሕክምናም በኢንዛይም የመለወጥ ኃይል ላይ የተመሠረተ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እንዳይራባ የተደረገ አዴኖቫይረስ ከሄርፒስ ቫይረስ የተገኘ ዘረ-መል ተሸክሞ በመርፌ ወደ ፕሮስቴት ይገባል። ዘረ-መሉን የተቀበሉ ሕዋሳት ታይሚዲን ካይኔዝ የተባለውን ኢንዛይም ይሠራሉ። ከዚያም ታካሚው ቫላሳይክሎቪር የተባለ ክኒን ይውጣል። ክኒኑ ኢንዛይሙ በሌለበት ሕዋስ ላይ እምብዛም ጉዳት አያደርስም፤ ኢንዛይሙ ባለበት ግን ወደ መርዝነት ተለውጦ በመከፋፈል ላይ ያለውን ሕዋስ ይገድለዋል። የሕዋሱ ሞት ደግሞ የሰውነትን የመከላከል ኃይል ይቀሰቅሳል።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 በ745 ታካሚዎች ላይ የተካሄደ የሦስተኛ ደረጃ ሙከራ ውጤት ይፋ ሆኖ ነበር። ሕክምናው የበሽታውን ማገርሸት ወይም ሞትን በ30 በመቶ ገደማ መቀነሱ ተገልጿል። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ እንበል፤ አዲሱን ሕክምና ያገኙትም ያላገኙትም ታካሚዎች የጨረር ሕክምና ወስደዋል። ዘረ-መሉ በጨረሩ ላይ ተደረበ እንጂ ጨረሩን አልተካም።

እኛስ የት ነን? በአገራችን የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1997 ከተጀመረ በኋላ፣ ይኸው ማዕከል ከሃያ ዓመታት በላይ ብቸኛው ሆኖ ቆይቷል። ለደባርቅ አባወራ ይህ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነበር። ከዚህም በላይ የፕሮስቴት ካንሰር በጅማሬው ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም። ምልክቱ ሲመጣም «እርጅና ነው» ተብሎ በዝምታ ይታለፋል።

አንዳንዶች እንዲህ ያለው ሳይንስ ለእኛ ቅንጦት ነው ይላሉ። እኛ አንስማማም። ቅንጦት የሚሆነው መሠረቱን ሳይጥሉ ጣሪያውን መመኘት ነው። መሠረቱም ምርመራ፣ ጨረርና ትክክለኛ መረጃ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዳባት ልደትንና ሞትን እየመዘገበ መቆየቱ፣ መረጃን ከገጠር መንደር ማሰባሰብ እንደሚቻል ያስረዳል።

ስለዚህ፣ ውድ ተማሪዎች፣ ፊዚክስን ስትመርጡ የጨረሩን መጠን ለክቶ ዕጢውን የሚመታ፣ ጤናማውን አካል የሚያድን የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ መሆንንም አስቡ። ዘረ-መሉ ወደ ስሜን ተራሮች ግርጌ በደረሰ ጊዜ የሚቀበለው ሰው ያስፈልገዋልና።