የማይከፈት ላፕቶፕና በካዝና ያልተቀመጠ ቁጥር

ነጋዴ ገንዘቡን በካዝና፣ ሸቀጡን በመጋዘን ቆልፎ ማደሩ የቆየ ልማድ ነው። ዛሬ ግን የንግዱ ምስጢር፣ ይኸውም የደንበኞች ዝርዝር፣ ከባንክ ጋር የተደረገው መጻጻፍ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮንና የመግዣ ዋጋ ሁሉ በአንዲት ላፕቶፕ ውስጥ ተጠቃሎ በሻንጣ ከቤት ወደ ቢሮ ስለሚመላለስ፣ ላፕቶፕን በምስጢር መቆለፊያ ማስቆለፍና በዩኤስቢ የሚሰካ የደኅንነት ቁልፍ ለሠራተኛ ማደል በንግድ ቤቶች ዘንድ እየተለመደ መጥቷል። ሥራው የሚመሰገን ነው። የሚያሳዝነው ግን ላፕቶፑ አንድ ቀን ጧት ለባለቤቱም አልከፈትም ያለ እንደሆነ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ የሚያስብ ነጋዴ ጥቂት መሆኑ ነው።

ጉዳቱ ቀላል አይደለም። አንድ ቡና ላኪ በኤል ሲ ሸጦ ዕቃውን በጅቡቲ ወደብ ቢያስጭን፣ ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2007 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው ዩሲፒ 600 የተባለው ደንብ፣ ኤል ሲው ራሱ ሌላ ቀን ካልወሰነ በቀር፣ የመጫኛው ሰነድ ዕቃው ከተጫነ በኋላ በ21 ቀን ውስጥ ለባንክ እንዲቀርብ ያዛል። ኢንቮይሱና ፓኪንግ ሊስቱ ተሰናድቶ የተቀመጠው በዚያች ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ሆኖ፣ ላፕቶፗ በ19ኛው ቀን ሰማያዊ ገጽ አሳይታ ብትቆም፣ ላኪው የሚያጣው የሁለት ቀን ሥራ ብቻ አይደለም፤ ባንኩ ሰነዱ ዘግይቷል ብሎ ክፍያውን ለመከልከል መብት ያገኛል።

እንዲህ ያለ ችግር በደረሰ ጊዜ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው መቆለፊያው አንድ ብቻ ስለሚመስለው ነው። እውነቱ ግን ላፕቶፕ ሲነሣ በሦስት በሮች ማለፉ ነው። በመጀመሪያው በር፣ ሴኪዩር ቡት የተባለው ሥርዓት የመነሻው ፕሮግራም የታመነ ፊርማ ያለው መሆኑን ይመረምራል። በሁለተኛው በር፣ በማሽኑ ውስጥ ያለው ቲፒኤም የተባለ ክፍል የማሽኑ አነሣሥ ከቀድሞው ያልተለወጠ መሆኑን አመዛዝኖ የዲስኩን መፍቻ ይለቃል፤ በዊንዶውስ ይህን ሥራ የያዘው ቢትሎከር ነው። በሦስተኛው በር ሠራተኛው ማንነቱን አስረድቶ ይገባል። በዊንዶውስ እንደ ዩቢኪ ያለው የደኅንነት ቁልፍ የሚጠየቀው በዚህ በሦስተኛው በር ሲሆን፣ ሁለተኛውን በር እንዲከፍት የተሠራ አይደለም። ቢትሎከር ሲነሣ የሚቀበለው የዩኤስቢ ቁልፍ መኖሩ እርግጥ ነው፤ ያ ግን በተራ ፍላሽ ዲስክ ላይ የተጻፈ ፋይል ነው፤ ፋይል ደግሞ ያገኘው ሁሉ ሊገለብጠው ይችላል። ሁለቱ በመልክ ስለሚመሳሰሉና ሁለቱም ቁልፍ ስለሚባሉ፣ አንዱን ገዝቶ የሌላውን ሥራ የሚጠብቅ ሰው አይታጣም።

ስለዚህ ሰማያዊው ገጽ 48 አኃዝ ያለውን የመመለሻ ቁጥር ሲጠይቅ ጸሐፊዋ የደኅንነት ቁልፏን ደጋግማ ብትሰካና ብትነካ፣ የመጋዘኑን በር በካዝናው ቁልፍ ለመክፈት እንደ መታገል ይቆጠራል። የገጹ መምጣት ሌባ ገብቷል ማለትም አይደለም። ባዮስ ታድሶ፣ የመነሻው ቅደም ተከተል ተለውጦ፣ ማዘርቦርድ ተቀይሮ፣ አንዳንድ ጊዜም ፍላሽ ዲስክ እንደ ተሰካ ተረስቶ ማሽኑ ከተነሣ፣ ቲፒኤም አነሣሡን ተጠራጥሮ መፍቻውን አለቅም ይላል። የተሰካውን ሁሉ ነቅሎ እንደ ገና ማስነሣት ወጪ የሌለው የመጀመሪያ እርምጃ ነው። ባዮስ የሚያድስ ሰው አስቀድሞ ቢትሎከርን ለጊዜው ቢያግደው ይህ ሁሉ ባልመጣም ነበር፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈርማ ባትሪውን ሳይሞሉ ይህን ሥራ መጀመር ድፍረት ነው።

ጥፋቱ ከቶ የባለቤቱ ሳይሆን የሚቀርበትም ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 የወጣው የዊንዶውስ ማሻሻያ አንዳንድ ማሽኖችን ወደዚሁ ሰማያዊ ገጽ እንደሚወስድ ማይክሮሶፍት ራሱ አምኖ በኦገስት አርሞታል። በዚያው ጁላይ 19 ቀን ደግሞ ክራውድስትራይክ ያሠራጨው የተበላሸ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ማሽኖችን በጣለ ጊዜ፣ በቢትሎከር የተቆለፉትን ለማንሣት የየማሽኑ የመመለሻ ቁጥር አስፈልጎ ነበር። ቁጥሩን አብሮ በወደቀ ሰርቨር ውስጥ ብቻ ያኖረ ድርጅት፣ ቁልፉን ካዝናው ውስጥ ትቶ ካዝናውን የዘጋ ሰው ሆነ።

ታዲያ ይህ ቁጥር የት ነው ያለው? ጉዳዩ ለነጋዴው ከሁሉ የሚከብደው በዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የወጣው የዊንዶውስ 11 እትም በማይክሮሶፍት አካውንት እንደ አዲስ ሲጫን፣ በብዙ ማሽኖች ላይ ማንንም ሳያማክር ዲስኩን ይመሰጥርና የመመለሻውን ቁጥር ወደዚያው አካውንት ይልካል። ነጋዴው ላፕቶፑን ገዝቶ ዊንዶውስ እንዲጭንለት ለባለሙያ ሰጥቶ ከሆነና ባለሙያውም ሥራውን ለማፋጠን በራሱ ኢሜይል ከፍቶት ከሆነ፣ ቁጥሩ የሄደው ወደ ባለሙያው ነው። ባለቤቱ ቁጥሩን ማጣቱን ቀርቶ ዲስኩ መቆለፉንም አያውቅም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሰማያዊው ገጽ ሲመጣ ባለሙያው ስልኩን ለውጦ፣ ሱቁን ዘግቶ ወይም ወደ ውጭ አገር ሄዶ ይሆናል። ቁጥሩ የጠፋ እንደሆነ ማይክሮሶፍትም ቢሆን መልሶ ሊሰጥ አይችልም። በዚህ ባለሙያዎችን በተንኮል መክሰስ ፍርድ ማጓደል ነው፤ ሒሳቡን ከፍሎ ማሽኑን ሲረከብ ቁጥሩ በማን ስም እንደ ተመዘገበ ያልጠየቀው ባለቤቱ ነውና። የመጋዘን በር የሠራ አናጢ ቁልፉን በኪሱ ይዞ ቢሄድ ዝም የሚል ነጋዴ አይገኝም።

ቁጥሩን በወረቀት መገልበጥ የሚያስፈራ ሥራ አይደለም። በስድስት በስድስት አኃዝ ስምንት ቦታ የተከፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ለ11 ያለ ቀሪ እንዲካፈል ሆኖ ስለ ተሠራ፣ የተሳሳተ አኃዝ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ ማሽኑ ወዲያው ያስታውቃል። ሰማያዊው ገጽ የቁጥሩን መለያም ስለሚያሳይ፣ አሥር ላፕቶፕ ያለው ቤት መለያውን ከቁጥሩ ጎን ቢጽፍ የአንዱን በሌላው አይለውጥም።

ወደ ሦስተኛው በር ሲመጣ ደግሞ ችግሩ ይቀላል፤ የሚያደናግሩት ግን ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። የደኅንነት ቁልፉ ሲብለጨለጭ በጣት እንዲነካ መጠበቁ ነው። ያለ ጊዜው የተነካ ዩቢኪ እንደ ጽሕፈት መኪና 44 ፊደሎች በማስገቢያው ላይ ይረጫል፤ ሠራተኛውም መሣሪያው ያበደ ይመስለዋል፤ ፊደሎቹን አጥፍቶ እንደ ገና መጀመር ይበቃል። ቁልፉ በዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ ሳይሆን በላፕቶፑ አካል ላይ ቢሰካ ይሻላል፤ አንዳንድ ማከፋፈያ ማሽኑ ሲነሣ ገና አይነቃምና። የቁልፉን ፒን ሦስት ጊዜ ተከታትሎ የሳተ ሰው ቁልፉን ነቅሎ መልሶ መሰካት አለበት፤ ስምንት ጊዜ ከሳተ ግን ቁልፉ ይዘጋል፤ እንደ ገና ለመሥራት ሲታደስም በላዩ የነበረው ምዝገባ ሁሉ ይጠፋል። በስድስተኛው ሙከራ ላይ እጁን ሰብስቦ ኃላፊውን የሚጠራ ሠራተኛ ምስጋና ይገባዋል።

በሊኑክስ የሚሠራ ቤት ነገሩ ይለይበታል። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ፣ ሲስተምዲ 248 ከወጣ በኋላ፣ የደኅንነት ቁልፉ ራሱ የዲስኩን በር ሊከፍት ይችላል፤ ሉክስ 2 የተባለው የዲስክ መቆለፊያም እስከ 32 የመክፈቻ ቦታ ስላለው ለሁለተኛ ቁልፍና ለረጅም የይለፍ ቃል ቦታ አይጠበብም።

ይህን ሁሉ ጣጣ ያየ አንዳንድ ነጋዴ፣ እንዲያውስ መቆለፊያው ይቅር ይላል። ላፕቶፕ በታክሲና በካፌ የሚጠፋ ዕቃ መሆኑን የረሳ አስተያየት ነው። ያልተመሰጠረ ዲስክ ከላፕቶፑ ተፈትቶ በሌላ ማሽን ላይ ሲሰካ፣ የዊንዶውስ የይለፍ ቃል ምንም አይከላከልም፤ የማሽኑ ዋጋ ይተካል፣ የተወዳዳሪ እጅ የገባ የዋጋ ዝርዝር ግን አይመለስም። ይልቁንም የሚያስወቅሰው ፎርማት አድርገን እንክፈተው የሚለውን ምክር ቶሎ መቀበል ነው፤ ፎርማት ላፕቶፑን ይከፍታል፣ መዝገቡን ግን ያጠፋል። ሌላ ቦታ ግልባጭ የሌለው ቤት ይህን ቃል ሲሰማ ማሽኑን ተቀብሎ መመለስ አለበት።

የሚሠራው ሥራ የአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ሁለት የደኅንነት ቁልፍ ተገዝቶ ሁለቱም በአንድ ቀን ይመዘገባሉ፤ አንዱ በሠራተኛው እጅ፣ ሌላው በካዝና ይኖራል። ላፕቶፑ የተከፈተበት ኢሜይል የድርጅቱ መሆኑ ይጣራል፤ የባለሙያው ሆኖ ከተገኘ ቢትሎከር ተፈትቶ እንደ ገና ይቆለፋል፤ አዲስ ቁጥር የሚወጣውም ያን ጊዜ ነው። ቁጥሩ በወረቀት ታትሞ በፖስታ ከታሸገ በኋላ ከላፕቶፑ ሻንጣ ርቆ ይቀመጣል። በሽርክና የሚሠራ ቤት ፖስታውን ማን ሊከፍት እንደሚችል በጽሑፍ ቢወስን ባለቤቱ በታመመ ወይም በተጓዘ ጊዜ ክርክር አይነሣም። በመጨረሻ ማሽኑ ሆን ተብሎ ወደ ሰማያዊው ገጽ ይወሰድና ቁጥሩ ከወረቀቱ እየተነበበ ይሞከራል። እ.ኤ.አ. በ2011 የተሰጡት የማይክሮሶፍት የሴኪዩር ቡት የምስክር ወረቀቶች ዘመን ከጁን 2026 ጀምሮ የሚያልፍ በመሆኑ፣ የመነሻውን ክፍል የሚነካ ማሻሻያ ወደየማሽኑ መድረሱ አይቀርም፤ ሙከራው ከዚያ ማሻሻያ በፊት ቢደረግ ይመረጣል።