ጨው አልሶ መግደል አደን ነው እንዴ?

ጎበዝ፣ እስኪ እንነጋገር። ጨው በትኖ፣ ዛፍ ላይ ተደብቆ፣ ሊልስ ያጎነበሰን ድኩላ መተኮስ "አደን" ከተባለ፣ በረት ገብቶ ጊደር መግደልስ ምን ሊባል ነው?

የአምቦ ልጅ ይህን የሚያስረዳው አይፈልግም። ከብት ሆራ ሲሸተው እንዴት እንደሚሮጥ እያየ ነው ያደገው። ጨው ለእንስሳ ቅንጦት አይደለም፤ ገላው ግድ የሚለው ነገር ነው። ከሁሉ አብልጣ የምትሻው ደግሞ እርጉዟና የምታጠባዋ ናት። ስለዚህ ጨዉ የሚጠራው ባለ ቀንዱን ወንድ ብቻ አይደለም፤ እናትንም ነው።

"በማባበያ ማደን ይፈቀድ" ባዮች፣ "አዳኙ በቅርብ ስለሚተኩስ አቁስሎ አይለቅም" ይሉናል። እውነት አለው። ታዲያ ኢላማ የማይመታ ሰው ተኩስ ይለማመድ እንጂ ድኩላዋ ለምን ትቅረብለት? "አውሬው ሰብል ይፈጃል" የሚሉም አሉ። እና ሰብል የሚፈጀውን አውሬ ጨው ይዞ መጥራት ምን የሚሉት መላ ነው?

አሜሪካኖቹ እንኳ፣ አደን የሚወዱት፣ በሚቺጋን የታችኛው ልሳነ ምድር አጋዘንን በመኖ አባብሎ ማደንን እ.ኤ.አ. በ2019 ከልክለዋል። አንድ ቦታ ተሰብስቦ የሚበላ መንጋ በሽታ ይጋባልና።

የምኒልክ ድኩላ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። ከመናገሻ ሱባ እስከ ጊንጪው ጭሊሞ የቀረለት ደን ቁራጭ ቁራጭ ነው። አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል። እኛ የምንለው፣ ፈቃድ ያለውም ቢሆን በጨው አይግደል ነው።

ለመሆኑ "ጨው አልሼ ገደልኩ!" ብሎ የፎከረ ጀግና ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?