የድል ጭፈራና የሰፈር ሜዳ

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እሑድ ነበር፤ ጥምቀት ካለፈ ሁለት ቀኑ። በዚያ ዕለት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም፣ ዛሬ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ክልል ውስጥ በሚገኘው በዚያው ሜዳ፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በወቅቱ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። ለበዓሉ የወጣው ነጠላ ወደ ሣጥኑ ሳይመለስ ሌላ በዓል መጣ ማለት ነው።

ደስታው አስቀድሞ በቁጭት የተጠራቀመ ነበር። ግብፅ በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ፣ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ ካይሮ ላይ ኢትዮጵያን ሁለቱንም ጊዜ 4 ለ 0 አሸንፋ ነበርና። በፍጻሜውም ቀን ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ፤ ሁለት ጊዜም ተደረሰባቸው። መጀመሪያ ተክሌ፣ ቀጥሎም መደበኛው ሰዓት ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረጉ። በተጨማሪው ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ አንድ፣ መንግሥቱ ወርቁም አንድ ጨመሩ። እንዲህ ያለውን ጨዋታ ያየ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ባይጨፍር ኖሮ ነበር የሚያስገርመው።

እግር ኳስ ሠርቶ አደሩን ከኑሮው ጥያቄ የሚያዘናጋ ማደንዘዣ ነው የሚሉ ወገኖች ዛሬም አልጠፉም። ይህ አባባል ምሁራዊ ቢመስልም ከሕዝብ የራቀ ንቀት ነው። በ1949ኙ የካርቱም ውድድር ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን ለማሰለፍ ፈቃደኛ ባለመሆኗ ከውድድሩ ውጭ ተደርጋለች። ብዙ መንግሥታት ስለ አፓርታይድ አፋቸውን በዘጉበት ዘመን የአፍሪካ ኳስ አቋሙን በሜዳ አሳይቷል ማለት ነው። የ1954ቱ ቡድን አሠልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማም ኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ይህንኑ ትግል አላቋረጡም።

ይሁን እንጂ ሊጤን የሚገባው ቁም ነገር ሌላ ነው። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ሉቺያኖ በሙያው መካኒክ ነበር። አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር፣ እናቱ ኤርትራዊት ናቸው፤ በልጅነቱ ክልስ እየተባለ መገለልን ቀምሷል። የተጫወተበት የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ቡድን በእነዚያ ዓመታት የአገሪቱን ሻምፒዮና በተደጋጋሚ የወሰደ የፋብሪካ ቡድን ነው። ድሉ በቤተ መንግሥት ስም ቢመዘገብም የበቀለው ከሥራ ቦታና ከሰፈር ነበር። (ካዛንቺስም ቢሆን ስሟን ያገኘችው ወራሪው ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው «ካዛ ኢንቺስ» ከተባሉት ቤቶች ነው፤ ሕዝቡ ግን ስሙን በአፉ አላምጦ የራሱ አድርጎታል።) ሉቺያኖ በ1970 ዓ.ም. አገር ጥሎ ተሰደደ፤ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ በጣሊያን አረፈ። የጨፈረለት ሕዝብ ቀብሩን አላየም።

ከዚያ እሑድ በኋላ ምን ተሠራ? በ1960 ዓ.ም. ውድድሩን አስተናግደን አራተኛ ወጣን። በ1968 ዓ.ም. በድጋሚ አስተናግደን ከመጀመሪያው ዙር ሳናልፍ ቀረን። ታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. ይድነቃቸው ካረፉ ጥቂት ወራት እንኳ ሳይቆጠሩ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፈን የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ አስቀረን፤ ከተማይቱም ዳግመኛ ጨፈረች። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ሱዳንን 2 ለ 0 ረትተን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስም እንዲሁ ሆነ። የአፍሪካ ዋንጫ ግን ተመልሶ አልመጣም። እንዲያውም ከ2014 ዓ.ም. በኋላ ስታዲየሞቻችን መመዘኛውን ባለማሟላታቸው ብሔራዊ ቡድኑ ለተከታታይ ዓመታት «የሜዳውን» ጨዋታ በሰው አገር ለማድረግ ተገዷል። በየዘመኑ ጭፈራው ሞልቶ ተርፏል፤ የጎደለው የልጆች መጫወቻ ነው።

ስለ ባላንጣነትም አንድ ቃል ማለት ይገባል። በአንድ ግቢ፣ በአንድ የውሃ ቧንቧ የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊ አብረው ይኖራሉ። በዕድር አብረው ይቀባበራሉ። ቅዳሜ የተሸነፈውን ጎረቤት እሑድ በድንጋይ መቀበል ደጋፊነት ሳይሆን ዋልጌነት ነው። ከዚህ በላይ ሐተታ አያሻውም።

የሰፈር ሜዳ ጉዳይ ግን ሐተታ ያሻዋል። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ነባሩ ነዋሪ ወደ ከተማይቱ ዳርቻዎች ተበትኗል። ያረጁ ቤቶች መነሣታቸውን በጭፍን የሚቃወም አስተዋይ ሰው የለም። ከቤቶቹ ጋር ግን በካርታ ላይ ያልሰፈሩ ነገሮችም አብረው ይሄዳሉ፤ ልጆች በጨርቅ ኳስ ሲራገጡ ያደጉባቸው ጠባብ ባዶ ቦታዎች ከእነዚህ አንዱ ናቸው። ባለቤት ስላልነበራቸው ካሣ የጠየቀላቸው የለም። በምትካቸው ባለ አረንጓዴ ምንጣፍ ሜዳ ቢሠራና በሰዓት ሒሳብ ቢከራይ፣ የቀን ሠራተኛው ልጅ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ተመልካች ሆኖ ይቀራል። ተመልካች ደግሞ ዱሮውንም በብዛት አለን።

ስለዚህ በቂርቆስም ሆነ ነዋሪው በተዛወረባቸው አዳዲስ ሰፈሮች የሚገኙ የነዋሪዎች ማኅበራትና የሠራተኛ ማኅበራት ጉዳዩን በስብሰባቸው አጀንዳ ውስጥ ማስገባት ይጠበቅባቸዋል። ጥያቄው ለወጣቶች ትኩረት ይሰጥ በሚል በተለመደው ሐረግ ተድበስብሶ እንዳይቀርብ። ለኳስ የተከለለው ቦታ ስንት ካሬ ሜትር ነው? በማን ስም ተመዝግቧል? ቁልፉ በማን እጅ ነው? ከትምህርት ቤት መልስ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ለሰፈሩ ልጆች ያለ ክፍያ ይከፈታል ወይስ አይከፈትም? መልሱ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ።